ሰው የሰበረውን ሕይወት ጌታ እንዴት ይጠግናል?



በቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሕይወት መታደስ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምስክርነት አንድ ዓይነት ነው። ወንድማችን ጠጪ ነበር፣ ቃሚ ነበር፣ ቤቱን በትኖ ነበር፤ ጌታ አገኘውና ዛሬ ሰው ሆነ። ይህ እውነት ነው፤ እልል የሚያሰኝም ነው። ነገር ግን በዚያው አዳራሽ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህን የምትሰማ ሌላ ሰው አለች። እሷ አልጠጣችም፣ አልሰረቀችም፣ ማንንም አልበደለችም። በልጅነቷ ዘመድ የደፈራት፣ ወይም ደላላ አታልሎ ለማታውቀው ቤት አሳልፎ የሰጣት፣ ወይም አሠሪዎቿ ደመወዟን ከልክለው የደበደቧት ናት። ሕይወቷን የሰበረው የሌላ ሰው እጅ ነው። ከመድረክ «ንስሐ የምትገቡ ወደ ፊት ውጡ» ሲባል ትውጣ ወይስ ትቀመጥ፣ ግራ ይገባታል።

ይህ ጽሑፍ ስለ እሷ ነው። ምናልባትም ስለ እርስዎ።

ሁላችንም ኃጢአተኞች መሆናችንን፣ ሁላችንም የክርስቶስ ደም የሚያስፈልገን መሆኑን አምናለሁ። ሆኖም ሰው ያደረገውና ሰው የተደረገበት ነገር አንድ አይደሉም። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት ጥያቄ ማን ኃጢአት ሠራ የሚል ነበር፤ እርሱ ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም (ዮሐ. 9፥1-3)። እኛ ግን ዛሬም ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቃል እንጠይቃለን። «ምን በር ከፍተሽ ነው?» እንላለን። «የዘር እርግማን ይሆናል» እንላለን። የተጎዳውን ሰው ሁለተኛ የምንጎዳው እንዲህ ነው።

ከተሸጠው ልጅ ታሪክ

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በገዛ አገራችን የወንጌል ታሪክ ውስጥ ሰው የሰበራቸውን፣ ጌታ ግን የጠገናቸውን ሁለት ሰዎች እናገኛለን፤ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ። የኦኔሲሞስን ስም ብዙዎቻችን ሰምተናል። በወለጋ አይራ ያለው ሴሚናሪም በስሙ ይጠራል። ብዙ ጊዜ የምናነሣው ግን የትርጉም ሥራውን ነው፤ ከዚያ በፊት የደረሰበትን ቶሎ እናልፈዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ በምትባል ስፍራ አጠገብ አንድ የኦሮሞ ልጅ ተወለደ። ስሙን ሂካ አሉት፤ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» እንደ ማለት ነው። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። በ1869 የባሪያ ነጋዴዎች ጠልፈው ከእናቱ ለዩት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ወደ ሰሜን ተነዳ፤ በመጨረሻም ቀይ ባሕር ዳር፣ ምጽዋ ደረሰ። በምጽዋ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር በ1870 ነፃ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች አስረከበው። ሚሲዮናውያኑ በምጽዋና በአጠገቧ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ነበራቸው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ልጁ በዚያን ቀን ነፃ ወጣ። ሰንሰለት የለም፣ ጌታዬ የሚለው ነጋዴ የለም። ታዲያ ሕይወቱ ተጠገነ ማለት እንችላለን? እናቱ የለችም። የአባቱ ቤት የወራት መንገድ ይርቃል። በዙሪያው ያሉት ሰዎች የሚናገሩት እናቱ የምትናገረውን ቋንቋ አይደለም። ነፃ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ መጠገን ሌላ ነገር ነው። ከክፉ ቤት፣ ከክፉ አሠሪ፣ ከክፉ ትዳር ያመለጠ ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። በሩን ካለፉ በኋላም ሌሊት የሚያባንን ነገር አለ።

ልጁ ወንጌልን ሰማ፣ አመነ፣ በ1872 ተጠመቀ። ከእምነት ጋር ያገኘው ስም ኦኔሲሞስ ነው።

ልጄ የሚለው ይቀድማል

ይህ ስም በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን «አናሲሞስ» ተብሎ የተጻፈው ነው። ጳውሎስ በእስር ሳለ ያገኘው፣ ለፊልሞና የጻፈለት ባሪያ ነበር። የስሙ ትርጉም በግሪክ «ጠቃሚ» ማለት ነው። ለባሪያ እንዲህ ያለ ስም መስጠት በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር፤ ባሪያ የሚመዘነው በጥቅሙ ነውና። ገዢ ወደ ገበያ ሲወጣ የሚያየው ክንድን ነው፣ ጥርስን ነው፣ ዕድሜን ነው።

የፊልሞናን መልእክት አውጥተው ቀስ ብለው ያንብቡት፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ ናት። ጳውሎስ በስሙ ትርጉም ይጫወታል፤ ድሮ የማይጠቅም የነበረው አሁን ለአንተም ለእኔም የሚጠቅም ሆነ ይላል (ቁ. 11)። ነገር ግን ከዚያ በፊት በቁጥር 10 ላይ የጠራው ልጄ ብሎ ነው። በቁጥር 12 ላይ የገዛ ልቡ እንደ ሆነ ይናገራል። በቁጥር 16 ላይ ደግሞ ከባሪያ የሚበልጥ የተወደደ ወንድም ያደርገዋል። ቅደም ተከተሉን ያስተውሉ። ልጅነቱ ቀደመ፤ ጥቅሙ ከኋላ መጣ።

ክርስትና የተሰበረን ሰው የሚጠግንበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ይመስለኛል። በሰው እጅ የተሰበረ ሰው ስለ ራሱ የተማረው አንድ ትምህርት አለ፤ «አንተ ዕቃ ነህ» የሚል። ለሥራ፣ ለፍትወት፣ ለገንዘብ የሚያገለግል ዕቃ። ወንጌል ይህን ሰው ገና ምንም ሳይሠራ፣ ገና ምንም ሳይጠቅም ልጄ ይለዋል። ለዚህም የተከፈለ ዋጋ አለ። ጌታችንም በሠላሳ ብር ተሽጦአልና። ወዳጁ አሳልፎ ሰጠው፣ ልብሱን ገፈፉት፣ በሰው ፊት አዋረዱት። ስለዚህ የተሸጠ ሰው፣ የተገፈፈ ሰው ወደ ኢየሱስ ሲመጣ የሚመጣው ነገሩን ከሩቅ ወደሚያዝን ጌታ አይደለም፤ ያ ሁሉ በራሱ ሥጋ ላይ ወደ ደረሰበት ጌታ ነው።

እኛ ግን ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። አንዲት እኅት ብዙ መከራ አልፋ ወደ ጌታ በመጣች በወሩ መዘምራን ውስጥ እናስገባታለን፣ በሁለተኛው ወር መድረክ ላይ አቁመን ታሪኳን እናስነግራታለን። ጉባኤው ያለቅሳል፣ ያመሰግናል። እሷ ወደ ቤት ስትመለስ ቁስሏ ተከፍቶ ነው። አሁንም እየጠቀመች ነው ማለት ነው፤ ተጠቃሚዎቹ ብቻ ተለወጡ። ይህን የምጽፈው አገልጋዮችን ለመክሰስ አይደለም። እኔም በእንዲህ ያሉ ጉባኤዎች ላይ ከልቤ አጨብጭቤአለሁ።

ሠላሳ አምስት ዓመት

ኦኔሲሞስ ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን፣ በዮሃኔሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ሲመለስ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረው፤ ወደ ተወሰደበት ሕዝብ ወንጌልን ይዞ መመለስ። በ1881 በሱዳን በኩል ጉዞ ጀመረ። መንገዱ አልሆነም፤ ታመመ፣ በ1882 ወደ እምኩሉ ተመለሰ። በሌላ መንገድ የተደረገ ሙከራም አልተሳካም።

እምኩሉ ሞቃትና ደረቅ ስፍራ ናት፤ የመጣባት ሰው የሚናፍቀው ደጋውን ነው። ኦኔሲሞስ በዚያ ተቀምጦ የእግዚአብሔርን ቃል ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም ጀመር። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ወደ ወለጋ መግባት የቻለው በ1904 ነው። ከእናቱ ከተለየ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖታል።

ውድ አንባቢ፣ ስለ መታደስ ስንሰብክ የዓመታትን ነገር አንናገርም። «ጌታ በአንድ ሌሊት ይለውጥሃል» እንላለን። ደኅንነትስ በአንድ ቅጽበት ነው፤ ሰው ባመነበት ሰዓት የእግዚአብሔር ልጅ ይሆናል። የተሰበረው ሕይወት መጠገን ግን ግንብ እንደ መሥራት ነው። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላቶቹ የሳቁበት አንዱ ነገር ከተቃጠለው ፍርስራሽ ውስጥ ድንጋይ እየለቀመ መገንባቱ ነበር (ነህ. 4፥2)። አዲስ ድንጋይ አልመጣለትም። ያው የተቃጠለው ድንጋይ ከአመዱ እየተለቀመ፣ እየተጠረበ ወደ ቦታው ይመለሳል። ካመኑ ሦስት ዓመት ሆኖዎት ዛሬም የሰው ድምፅ ከፍ ሲል ልብዎ የሚዘል ከሆነ እምነትዎ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ድንጋዩ ገና እየተለቀመ ነው።

የጠፋውን ቃል ማን አመጣው?

ከዚህ ታሪክ እኔን በጣም የሚነካኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

ኦኔሲሞስ ከሕዝቡ የተነጠለው በልጅነቱ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ሊተረጉም ሲቀመጥ የቋንቋው ጓዳ ጎደለበት። ልጅ የልጅ ቋንቋ ያውቃል፤ የሽማግሌውን ተረትና ምሳሌ፣ የሙሾውን፣ የዳኝነቱን ቃል ግን ገና አልሰማም። ነጋዴዎቹ የወሰዱበት ልጅነቱን ብቻ አልነበረም፤ ከአገሬው ጋር አድጎ የሚሰማውን ቃል ሁሉ ነው። ስሙ «ተርጓሚ» የሆነው ሰው የሚተረጉምበት ቃል አነሰው።

በ1886 የጣሊያን መርከብ ቀይ ባሕር ላይ አንዲት ጀልባ ያዘች። በጀልባዋ ውስጥ ወደ ዐረብ ምድር ለሽያጭ የሚወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ በ1872 ገደማ የተወለደች ልጅ ናት፤ አስቴር ጋኖ። ወደ እምኩሉ ተወሰደች። መምህራኑ ብዙም ሳይቆዩ ይህች ልጅ ለቋንቋ ልዩ ስጦታ እንዳላት አወቁ። የኦሮምኛ ቃላትን እየሰበሰበች መዝገብ ማዘጋጀት ጀመረች፤ ዐሥራ አምስት ሺህ ያህል ቃላት ሰበሰበች። ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን ከራሷ ትዝታ አወጣች። ከኦኔሲሞስ ጋር ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም በስሙ የሚጠራው ኦኔሲሞስ ቢሆንም፣ ያለ አስቴር ያ ትርጉም እንደዚያ ባልሆነ ነበር።

ጌታ ለኦኔሲሞስ የጎደለውን ቃል ከሰማይ በራእይ ሊያወርድለት ይችል ነበር። አላደረገውም። ሌላ የተሸጠች ልጅ ላከለት። አንዱ የተነጠቀውን ሌላዋ በልቧ ይዛ መጣች። እሷም በዚያ ዕድሜዋ በባሪያ ገበያ ዋጋ የማይወጣለት ነገር፣ ማለትም የእናቷ ቋንቋ፣ የእግዚአብሔር ቃል መልበሻ ሲሆን አየች።

እንግዲህ እንዲህ ማለት እንችላለን፤ ጌታ የተሰበረውን ሕይወት የሚጠግነው በአብዛኛው በሰው እጅ ነው። የሰበረው የሰው እጅ ስለ ነበር መጠገኑም የሰው እጅ ይፈልጋል። ሰውን ማመን ያቃተው ሰው፣ መታመን የሚማረው ከሚታመን ሰው ጋር በመኖር እንጂ ስለ መታመን በሚሰበክ ስብከት ብቻ አይደለም።

እምኩሉ ለእነዚህ ልጆች የሰጠችውን እስቲ ይቁጠሩት። መኝታ፣ ምግብ፣ ትምህርት፣ የእጅ ሥራ፣ የገዛ ቋንቋቸውን የሚያከብር ሰው፣ እንደ እነርሱ የተጎዱ ጓደኞች፣ በየዕለቱ ጸሎትና ቃል። ጸሎቱ ከእንጀራው አልተለየም።

ይህን ዛሬ ወደ እኛ ማምጣት ከባድ አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰው ገብተዋል። ከዚያ ወዲህም የሚሄደውና የሚመለሰው አላቋረጠም። አስቴር ልትሻገረው የነበረውን ባሕር የዛሬ እኅቶቻችን በአውሮፕላንም በጀልባም ይሻገሩታል። ሁሉም ክፉ አሠሪ አይገጥማቸውም፤ ቤት ሠርተው፣ ወንድም አስተምረው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። የተጎዱት ግን በየቤተ ክርስቲያናችን አሉ። ለእነርሱ ያለን አንድ የጸሎት ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ከእምኩሉ አንሰናል። የተጨነቀ አእምሮ ሐኪም ሲያስፈልገው ወደ ሐኪም መውሰድም የእምነት ማነስ አይደለም። ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም የተወደደው ባለ መድኃኒት ብሎ ይጠራዋል (ቆላ. 4፥14)።

ስለ ይቅርታ አንድ ቃል

ፊልሞናን ስናነሣ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ጌታው መልሶት የለምን? ታዲያ የተጎዳችው እኅት ወደ ጎዳት ባል ወይም ዘመድ መመለስ የለባትምን?

እንዲህ ያለ ምክር ሲሰጥ ሰምቼአለሁ፤ አደገኛ ምክር ነው። ጳውሎስ አናሲሞስን ብቻውን ባዶ እጁን አልላከውም። ቲኪቆስ አብሮት ሄደ (ቆላ. 4፥7-9)። ደብዳቤው የተጻፈው ለፊልሞና ብቻ ሳይሆን በቤቱ ላለችው ቤተ ክርስቲያንም ነው፤ ማለትም ምስክር ባለበት። ዕዳ ካለ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። እኔንም እንደምትቀበል አድርገህ ተቀበለው አለ። ሊመጣም እንደሚችል፣ ማደሪያ እንዲያዘጋጅለት ነገረው (ቁ. 22)። ይህ ሁሉ ጥበቃ በሌለበት «ይቅር ብለሽ ተመለሽ» ማለት ጳውሎስ ያደረገውን ማድረግ አይደለም።

ዮሴፍንም ያስታውሱ። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ሲመጡ ዐወቃቸው፤ እነርሱ ግን አላወቁትም። በዚያው ቀን ተነሥቶ አላቀፋቸውም። ብንያምን እንደ እርሱ ይሸጡት እንደ ሆነ ፈተናቸው። ይሁዳ ስለ ብንያም ራሱን ባሪያ አድርጎ ሲያቀርብ ነው ራሱን የገለጠላቸው (ዘፍ. 44-45)። በመካከሉ ደጋግሞ ወደ ጓዳ እየገባ አለቀሰ። ይቅርታ በልብ ይጀምራል፤ መቀራረብ ግን የጎዳው ሰው መለወጡ ከታየ በኋላ ነው። የተፈጸመው ወንጀል ከሆነ ደግሞ ለሕግ ማመልከት ይቅርታን አያፈርስም። ዝም ማለት ሌላ ልጅ ያስበላል።

ያልተመለሰው

ኦኔሲሞስ በ1904 ወለጋ ሲደርስ የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ በክብር ተቀበሉት። በኦሮምኛ አስተማረ፣ ሰበከ። አስቴርም በነቀምቴ መምህርት ሆነች። መከራው ግን አላበቃም። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ተከሰሰ፤ ጉዳዩ እስከ አፄ ምኒልክ ደረሰ። ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ተፈቀደለት፣ መስበክ ግን ተከለከለ። የማስተማር ነፃነት ያገኘው በ1916 በልጅ ኢያሱ ፈቃድ ነው።

ልብ ይበሉ፤ የተወለደው በኢሉባቦር ነበር፣ ኑሮውን ያደረገው በነቀምቴ ነው። የልጅነት ዓመታቱን ማንም አልመለሰለትም። ከሙታን የተነሣው ጌታ በእጁ ላይ የችንካር ምልክት ነበረበት፤ ቶማስ ጣቱን እንዲያገባ የጋበዘው በዚያ ነው (ዮሐ. 20፥27)። በከበረው ሥጋ ላይ እንኳ ጠባሳው ቀረ፤ አያደማም ግን። እኔም ለቆሰሉ ወገኖች ተስፋ የማደርገው ይህንኑ ነው። መርሳትን ቃል አልገባልዎም። የማያደማ ጠባሳን ግን በብዙ ሰዎች ላይ አይቻለሁ።

ምናልባት እስከዚህ ያነበቡት ስለ ሌላ ሰው እያሰቡ አይሆንም። ለማንም ያልነገሩት ነገር ካለዎት፣ ለጉባኤ መናገር አይጠበቅብዎትም። ምስጢር መጠበቁን በዓይንዎ ያዩትን አንድ ሰው ይምረጡ፤ ከተቻለ ሴት ከሆኑ ሴት፣ ወንድ ከሆኑ ወንድ። ሁሉንም በአንድ ቀን መንገር የለብዎትም። የመጀመሪያው ቀን «አንድ የደረሰብኝ ነገር አለ» ማለት ይበቃል። ያ ሰው ወዲያው ምክር መስጠት ከጀመረ ሌላ ይፈልጉ። ዝም ብሎ ካዳመጠ፣ አብሮዎት ካለቀሰ፣ በሳምንቱም ደውሎ «እንዴት አደርሽ?» ወይም «እንዴት አደርክ?» ካለዎት፣ ጌታ የላከልዎ ሰው ሊሆን ይችላል።

አስቴር ጋኖ በነቀምቴ ብዙ ልጆችን ማንበብ አስተምራ፣ ሸምግላ፣ በ1964 አረፈች።